የወተት ላም አመጋገብ፣ የወተት ይዘትና የሕፃናት ጤና በአዊ ዞን

መግቢያ

በአዊ ዞን ከእንጅባራ ደጋማ ቀበሌዎች እስከ ዳንግላ ወይና ደጋ ድረስ እርሻና ከብት እርባታ ተለያይተው የማይታዩ የኑሮ መሠረቶች ናቸው። በሬው ያርሳል፤ ላሟ ወተት፣ ቅቤና ጥጃ ትሰጣለች፤ ፍጉ ማሳውን ያዳብራል። ይሁን እንጂ ላም ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን ሁሉ ወተት ጠጥቶ ያድጋል ማለት አይደለም። እ.አ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአማራ ክልል ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 46 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜአቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም። በዚያው ጥናት አገር አቀፉ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። እ.አ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት የክልሉ አኀዝ ወደ 41 ከመቶ ዝቅ ቢልም ችግሩ ከባድ እንደ ሆነ መቆየቱን ያሳያል።

የመቀንጨር መንሥኤዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሕፃናት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በበቂ መጠን አለማግኘታቸው ነው። ላም እያለ ወተት ወደ ሕፃኑ የማይደርሰው በሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ላሟ በቂ መኖ ስለማታገኝ ወተቷ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ጥቂቱም ወተት ለቅቤ ይጠራቀማል። ሦስተኛ፣ ለሕፃኑ የሚደርሰው ወተት በአያያዝ ጉድለት ምክንያት በሽታ ወይም መርዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱም ምክንያቶች የሚነሡት ከላሟ ግርግምና ከበረቱ በመሆኑ፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚከታተል ባለሙያ ስለ ላሟ አመጋገብ መሠረታዊ ዕውቀት ቢኖረው ለሥራው ይጠቅመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ዕውቀት በአጭሩ ማቅረብ ነው።

የላም ወተት ይዘት

የላም ወተት 87 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው። የቀረው ስብ፣ ፕሮቲን፣ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር፣ ማዕድናትና ቫይታሚኖች ናቸው። ፕሮቲኑ ከ3 ከመቶ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ላክቶሱ ከ4.5 እስከ 5 ከመቶ፣ ማዕድናቱ 0.7 ከመቶ አካባቢ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚለዋወጠው ስቡ ነው። የሆልስታይን ፍሪዥያን ላም ወተት 3.5 ከመቶ ገደማ ስብ ሲኖረው፣ የአገር ውስጥ ዜቡ ላም ወተት 5 ከመቶና ከዚያም በላይ ስብ ሊኖረው ይችላል። የአገር ውስጥ ላም የምትሰጠው ወተት ጥቂት ቢሆንም በስብ የበለጸገ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሩብ ሊትር ወተት፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ኩባያ፣ 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ይህም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላለው ሕፃን በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲንም ሆነ ካልሲየም ከግማሽ ይበልጣል። የፕሮቲኑ ጥራት ከፍተኛ ሲሆን በጤፍ፣ በገብስና በበቆሎ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ያሟላል። በእህል ጨርሶ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12ም በወተት ውስጥ ይገኛል። በአንጻሩ የላም ወተት ብረት በጣም ጥቂት ነው፤ በመሆኑም የብረት ምንጭ የሆነን ምግብ ሊተካ አይችልም።

መኖ ወደ ወተት የሚለወጠው እንዴት ነው?

ላም ገለባና ሣር በልታ ወተት ልትሰጥ የቻለችው ሩመን በሚባለው ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚኖሩ ነው። የሰው ሆድ ሊፈጨው የማይችለውን የሣርና የገለባ አሰር እነዚህ ሕዋሳት አብላልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደተባሉ አሲዶች ይለውጡታል። አሲቴትና ቡቲሬት በጡት ውስጥ ለወተት ስብ መሥሪያ ይውላሉ። ፕሮፒዮኔት በጉበት ወደ ግሉኮስ ይለወጥና ከእርሱ ላክቶስ ይሠራል። ላክቶስ ውኃን ወደ ጡት ስለሚስብ የወተቱን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው። ኃይል ሰጪ መኖ ያነሳት ላም ወተቷ ከይዘቱ ይልቅ በመጠኑ ፈጥኖ የሚቀንሰውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ረቂቅ ሕዋሳቱ ራሳቸውም ለመራባት ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። ተባዝተው ወደ ታችኛው የሆድ ዕቃ ሲወርዱ ተፈጭተው ለላሟ ዋነኛ የፕሮቲን ምንጭ ይሆናሉ። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 ከመቶ በታች ሲሆን ግን ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ ሥራቸው ይዳከማል፤ ገለባው ሳይፈጭ ለብዙ ጊዜ በሆድ ውስጥ ይቆያል። ላሟም ሆዷ ሞልቶ ሳለ በረኀብ ትጎዳለች። ገለባ እንደ ልብ እያላት የከሳች ላም ስትታይ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

መኖ የሚለውጠውና የማይለውጠው

ለጤና ባለሙያው ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው ጥያቄ የላሟ ረኀብ በወተቱ ይዘት ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ለዚህም መልሱ እንደ ንጥረ ነገሩ ዓይነት ይለያያል።

ካልሲየም ብዙም አይለወጥም። ላሟ ከመኖዋ ካላገኘችው ከአጥንቷ እያወጣች ለወተቱ ትሰጣለች። የላክቶስና የፕሮቲን መቶኛም በጥቂቱ እንጂ በብዙ አይዋዥቅም። ስብ ግን በመኖው ዓይነት ይለወጣል። አሰር ያለው ድርቆሽና ሣር ስቡን ይጠብቃል፤ እህልና ዱቄት ነክ መኖ ያለ በቂ አሰር ሲበዛ የሩመኑ አሲድነት ይጨምርና የወተቱ ስብ ይቀንሳል፤ ከመጠን ካለፈም ላሟን ያሳምማል።

ከሁሉ በላይ በመኖው ላይ የሚመሠረተው የቫይታሚን ኤ መጠን ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው በለምለም ሣር ውስጥ ካለው ቤታ ካሮቲን ሲሆን፣ ላም የምትበላው ካሮቲን ሁሉ ስለማይለወጥ ከፊሉ እንዳለ ወደ ወተቷ ስብ ይገባል። የክረምትና የመስከረም ቅቤ ቢጫ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ቅቤ ግን ነጣ ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሣር በፀሐይ ሲደርቅና ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ካሮቲኑ ይጠፋል፤ በገለባ ውስጥ ደግሞ የለም ለማለት ይቻላል። እናቶች የሚያውቁት የቅቤ ቀለም ለውጥ እንግዲህ የገበያ ዋጋ ምልክት ብቻ ሳይሆን የቫይታሚን ኤ ምልክትም ነው።

የአዮዲን መጠንም እንዲሁ በመኖውና ላሟ በምትልሰው ጨው ላይ የተመሠረተ ነው። እንቅርት በብዛት ሲታይባቸው በኖሩት የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች አፈሩ በአዮዲን ደሃ በመሆኑ ሣሩም ወተቱም እንደዚያው ይሆናል። የጎመንዘር ፋጉሎ በብዛት ሲሰጥ አዮዲን ወደ ወተት እንዳይገባ የሚከለክሉ ውሑዶች ስላሉበት ችግሩን ያባብሰዋል። ከዚህ አንጻር የቤተሰቡ አዮዲን ያለው ጨው ለላሟም ጥቂት ቢደርሳት ጥቅሙ ተመልሶ ለቤተሰቡ ነው።

የአዊ መኖ በክረምትና በበጋ

አዊ በዝናብ ከታደሉት የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። በዳንግላ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድ ስለሆነ ከታኅሣሥ በኋላ ግጦሹ ይደርቃል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለላሟ የችግር ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ ዋናው መኖ ገለባ ነው፤ በደጋው የገብስና የስንዴ፣ በወይና ደጋው የጤፍ፣ የዳጉሳና የበቆሎ አገዳ። የእነዚህ ተረፈ ምርቶች ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ብቻ ነው። ከገለባውም የተሻለው በቅድሚያ ለእርሻ በሬ ይሰጣል፤ ፈረሱም ድርሻ አለው። በእንጅባራ ዙሪያ የቀርከሃ ቅጠልም ለከብት ይታጨዳል። የድንች ተረፈ ምርት ለላም የሚሰጥበት ቤት ካለ፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች መርዛማ በመሆኑ እንዳይሰጥ መምከር ይገባል።

የግጦሽ መሬት ሁኔታም ተለውጧል። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአጎራባቾቹ ብዙ መሬት ለከሰል በሚተከለው አካሽያ ደከረንስ ተሸፍኗል። ተክሉ ለአርሶ አደሩ ገቢ አስገኝቷል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር እየታጨደ ለከብት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ዛፉ ሲያድግ ሣሩ ስለሚጠፋ ግጦሹ ይጠብባል። ስለዚህ ጥቂት ከብት ይዞ፣ መኖ አጭዶ በረት ውስጥ መመገብ ምርጫ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊም ሆኗል።

መፍትሔዎቹ ከአካባቢው አቅም በላይ አይደሉም። ዴሾ ሣር በእርከን ላይ ሊተከል ይችላል፤ አፈሩንም ይይዛል። ዝሆኔ ሣር፣ ሰስባንያና በደጋው ትሪ ሉሰርን በጓሮና በአጥር ዳር ይበቅላሉ። በዳንግላ ወረዳ፣ ለአብነትም በዳንግሽታ ቀበሌ፣ ጥልቀት የሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች ለጓሮ መስኖ ይውላሉ። ከጉድጓዱ አጠገብ ጥቂት የሣር መደብ ከተከለ በየካቲትና በመጋቢትም ለምለም መኖ ይገኛል። ድርቆሽም ሣሩ አብቦ ዘር ከመያዙ በፊት ቢታጨድና በጥላ ሥር ቢከማች ፕሮቲኑና ካሮቲኑ ይበልጥ ይጠበቃል።

ገለባን በዩሪያ ማከምም የታወቀ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ገለባ 4 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይረጭበታል። ከዚያም አየር እንዳያስገባ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሦስት ሳምንታት፣ እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ ቦታ ከዚያም ለበለጠ ጊዜ፣ ይቆያል። ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እስኪለቅ ድረስ ይናፈሳል፤ ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥም። ዩሪያና የዩሪያ ውኃ ለከብትም ለሰውም መርዝ ስለሚሆን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

የአንዲት ላም ሒሳብ

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይረዳል። 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን የአገር ውስጥ ላም በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። መኖዋ 4 ከመቶ ፕሮቲን ያለው ገለባ ብቻ ከሆነ የምታገኘው 240 ግራም ፕሮቲን ነው። ሰውነቷን ጠብቃ ለመቆየት ብቻ ግን በግምት 420 ግራም ያስፈልጋታል። ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ግራም ተጨማሪ ያስፈልጋል። እንግዲህ በገለባ ብቻ የምትቀለብ ላም ለራሷም አይበቃት፤ የምትሰጠው ወተት ከሥጋዋ የተቀነሰ ነው።

በዚህ ላይ 30 ከመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው የኑግ ፋጉሎ አንድ ኪሎ ግራም ቢጨመርላት ከ270 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ይገኛል። ጉድለቷ ተሸፍኖ ለአንድ ሊትር ያህል ወተት የሚበቃ ይተርፋል። ጥቂት ፉርሽካ ሲታከልበት ኃይል ሰጪው ክፍልም ይሟላል። ፋጉሎ መግዛት የማይችል ቤተሰብ የሰስባንያ ወይም የትሪ ሉሰርን ቅጠል በመስጠት ከጉድለቱ ከፊሉን መሸፈን ይችላል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባወጣቸው ዘገባዎች መሠረት የአገር ውስጥ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል አይበልጥም። በዚህ ላይ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢጨመር ለሁለት ሕፃናት አንድ አንድ ኩባያ ማለት ነው።

ውኃም መዘንጋት የለበትም። ላሟ ለራሷ ከምትጠጣው በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ከ3 ሊትር ያላነሰ ውኃ ትፈልጋለች። በበጋ ወደ ሩቅ ወንዝ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የምትነዳ ላም መኖ ቢሰጣትም ወተቷ አይጨምርም።

የመንጋ አያያዝ

መኖው ከተወሰነ የከብቱ ቁጥር መወሰን ይኖርበታል። ለአምስት የማይበቃ መኖ ለሁለት ሊበቃ ይችላል። ሁለት በደንብ የተቀለቡ ላሞች ከአምስት የተራቡ ላሞች የተሻለ ወተት ይሰጣሉ፤ በየጊዜውም ይወልዳሉ። የተራበች ላም ከወለደች በኋላ ኮርማ ለመፈለግ ብዙ ወራት ስለሚፈጅባት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ልትወልድ ትችላለች። በዚህ ምክንያት በቤቱ ወተት የማይኖርባቸው ወራት ይበዛሉ። ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት ማለብ ማቆምና በደንብ መቀለብ ለሚመጣው የወተት ዘመን ስንቅ ነው። ዲቃላ ላሞች ብዙ ወተት ይሰጣሉ፤ ሆኖም የመኖና የሕክምና ፍላጎታቸው ከፍተኛ በመሆኑ መኖ ሳይዘጋጅ ዲቃላ መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል።

ጥጃዋ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ማግኘት አለባት። ጥጃ ከእናቷ ማሕፀን በሽታ ተከላካይ አካላት ሳታገኝ ስለምትወለድ ያለ እንገር የመትረፍ ዕድሏ አነስተኛ ነው። በአለባ ጊዜም ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። እንደ እናት ጡት ወተት ሁሉ በመጀመሪያ የሚወጣው የላም ወተት ቀጭን ሲሆን መጨረሻ ላይ የሚወጣው በስብ እጅግ የበለጸገ ነው። ጥጃዋ በመጀመሪያ ጠብታ ወተቱ ከወረደ በኋላ ታልባ፣ በመጨረሻም ለጥጃዋ ሲተው፣ ቤተሰቡ የሚያገኘው ቀጭኑን ነው። ለጥጃዋ ሳይሳሱ፣ ድርሻዋ ከአንደኛው ጡት ብቻ እንዲሆን በማድረግ ሁለቱንም ማመጣጠን ይቻላል።

ቅቤው ሲወጣ ምን ይቀራል?

በአዊ ገጠር አብዛኛው ወተት ረግቶና ተንጦ ቅቤ ይሆናል። ቅቤ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ገበያ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም የእናቲቱ የግል ገቢ እርሱ ነው። ስለዚህ «ቅቤ አትሽጪ፣ ወተቱን ለልጅሽ ስጪ» የሚል ምክር ብቻውን ተቀባይነት አያገኝም። የተሻለው ምክር ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ማወቅ ነው።

ቅቤ ስቡንና በስብ ውስጥ የሚሟሙትን ቫይታሚኖች፣ በተለይም ቫይታሚን ኤን፣ ይዞ ይሄዳል። ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙና ቫይታሚን ቢ12 ግን በአብዛኛው አሬራው ውስጥ ይቀራሉ። አሬራ እንግዲህ ርካሽ ተብሎ የሚናቅ ሳይሆን ለሕፃን አጥንትና ጡንቻ ጠቃሚ የሆነ ምግብ ነው። አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆን ፕሮቲኑ በአይቡ ይያዛል፤ በአሲዱ ምክንያት ግን ከካልሲየሙ ብዙው ወደ አጓቱ ይፈስሳል። ከዚህ የተነሣ ቅቤ የሚሸጥበት ቤት ሕፃን ልጅ ካለ አሬራውና አይቡ እንዳይሸጥ፣ ለሕፃኑ ገንፎም ጥቂት ቅቤ እንዲቀር መምከር ሁለቱንም ጥቅም ያስታርቃል። የቀረውን የቫይታሚን ኤ ጉድለት ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ይሞላሉ፤ በጤና ተቋማት የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብልም መዘንጋት የለበትም።

በወተት የሚመጡ የጤና ጠንቆች

አፍላቶክሲን። ፋጉሎ ፕሮቲኑ የላቀ ቢሆንም እርጥበት ሲነካው በቀላሉ ይሻግታል። በሻጋታው ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ቢ1 በላሟ ጉበት ወደ አፍላቶክሲን ኤም1 ይለወጥና በወተት ይወጣል። እ.አ.አ. በ2016 የታተመ በታላቋ አዲስ አበባ የወተት አቅራቢ አካባቢዎች የተካሄደ ጥናት በመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል። ከ4ቱ ናሙናዎች አንዱ ያህል ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደንብ ከፈቀደው 0.5 ማይክሮ ግራም በሊትር በላይ ነበረው። መርዙ በብዛት የተያያዘውም ከኑግ ፋጉሎ ጋር ነበር። አፍላቶክሲን ካንሰር አምጪ ከመሆኑም በላይ ወተት ማፍላት አያጠፋውም። መከላከያው መኖው ላይ ነው። እንደ አዊ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ በደረቅ ቦታ መቀመጥና በአጭር ጊዜ ማለቅ አለበት። የሻገተውን ለምትታለብ ላም አለመስጠት ነው። የተበከለው መኖ ሲቋረጥ መርዙ በጥቂት ቀናት ከወተቷ ይጠፋል።

የከብት ቲቢ። እ.አ.አ. በ2012 የታተመ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ከተመረመሩት የወተት ከብቶች 30 ከመቶ ያህሉ፣ ከመንጋዎቹም ግማሽ ያህሉ በበሽታው የተነኩ መሆናቸውን አሳይቷል። በሽታው በብዛት የሚታየው ዲቃላዎች በጠባብ በረት በሚታጎሩበት ሥፍራ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች የከተማ ወተት እርባታ ሲስፋፋ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። የአንገት እጢው ያበጠ ወይም ከሳንባ ውጭ የሆነ ቲቢ ያለበት ሕመምተኛ ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደ ሆነ፣ ከከብት ጋር በአንድ ጣራ ያድር እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብሩሴሎሲስ። ላም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት መጨንገፏ ዋነኛው ምልክቱ ነው። በሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። የወባ ምርመራው ነፃ የሆነ ትኩሳተኛ አርሶ አደር ሲመጣ ስለ ጨነገፈች ላም መጠየቅ ምርመራውን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሊመራ ይችላል። የጨነገፈውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ርቆ ይቀበር።

የጡት በሽታና መድኃኒት። ማስታይቲስ የተባለው የላም ጡት በሽታ የወተቱን ላክቶስ ቀንሶ ጨዉን ያበዛል፤ ወተቱም የጨው ጣዕም ይኖረዋል። አንዳንድ ተሕዋስያን የሚፈጥሩት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። የተቋጠረ፣ ደም ወይም መግል የተቀላቀለበት ወተት ለሰው አይሰጥ። ፀረ ተሕዋስያን የተሰጣት ላም ወተትም የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው የመጠበቂያ ጊዜ እስኪያልፍ ለምግብ መዋል የለበትም።

እርጎና ማፍላት። ወተት ሲረጋ የሚፈጠረው አሲድ አንዳንድ ተሕዋስያንን ያዳክማል እንጂ የቲቢንና የብሩሴሎሲስን ተሕዋስያን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። አንዳንዶች እርጎ ስለሚወዱ ወተት ማፍላትን አይቀበሉም። ሁለቱን ማስታረቅ ግን ቀላል ነው። ወተቱ ከፈላ በኋላ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ቀድሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተዘጋጀ እርጎ ጥቂት እርሾ ይጨመርበታል፤ በታጠበና በወይራ በታጠነ ዕቃ ተከድኖ ይረጋል።

ጾምና የሕፃናት ወተት

የሁዳዴ ጾም የሚውለው በበጋው መጨረሻ፣ መኖ እጅግ በሚያንስበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ወተት ስለማይጠቀም የሕፃኑም ወተት አብሮ ይቀራል፤ አንዳንድ እናቶችም የጾም ዕቃ እንዳይነካ በመፍራት ለሕፃኑ የፍስክ ምግብ አያዘጋጁም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዕድሜአቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። የጤና ባለሙያው ይህን በራሱ ከሚናገር ይልቅ የአጥቢያው ካህናት እንዲያስተምሩት ቢያደርግ ቃሉ ይበልጥ ይሰማል። ለሕፃኑ የተለየ ድስት፣ ኩባያና ማንኪያ መመደብም የእናቲቱን ስጋት ያቀልላል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የሕፃኑን ክብደትና የመሐል ክንድ ዙሪያ የሚለካ ባለሙያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢጨምር ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

1. በቤቱ የምትታለብ ላም አለች? ከወለደች ስንት ወር ሆናት?
2. ከሚታለበው ወተት ለሕፃኑ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? አሬራውና አይቡ ለማን ይሰጣል?
3. ወተቱ ይፈላል? በጾም ወራትስ ለሕፃኑ ይሰጣል?
4. ላሟ ከገለባ ሌላ ምን ትበላለች? ፋጉሎው የት ይቀመጣል?
5. የጨነገፈች ወይም የምታስል ላም በቤቱ አለች?

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በዚያው ምክር የሚሰጥባቸው ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ቤተሰቡን ከእንስሳት እርባታ ወይም ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ለማገናኘት ምክንያት ይሆናሉ። በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የግብርና ልማት ሠራተኛው አንድ ቤት የሚጎበኙት በየፊናቸው ቢሆንም የሚያዩት ችግር አንድ ነው።

ምክሩ በዕድሜ መለየት አለበት። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ የላም ወተት አይሰጥም። ከስድስት ወር በኋላም የእናት ጡት ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት የእናት ጡት የማያገኝ ሕፃን ከ6 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜ የእንስሳት ወተት ሊሰጠው ይችላል፤ ሆኖም ብረት ያለው ምግብ ሊለየው አይገባም። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ኩባያ ይበቃል። ከግማሽ ሊትር በላይ ሲሆን ሌላውን ምግብ እየተካ ለደም ማነስ ያጋልጣል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ግን በላም ወተት አይታከምም፤ በተፈቀደው ሥርዓት መሠረት በጤና ተቋም መታከም አለበት።

ማጠቃለያ

በአዊ ዞን የወተት እጥረት ከከብት እጥረት ይልቅ ከመኖ፣ ከአያያዝና ከአጠቃቀም ጉድለት የሚመነጭ ነው። የላሟ ረኀብ በወተቱ መጠንና በቫይታሚን ኤ ላይ ይታያል፤ የመኖው ሻጋታ በወተቱ ውስጥ መርዝ ሆኖ ይገኛል፤ የበረቱ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ቤት ይገባል። በአንጻሩ በእርከን ላይ የተተከለ ዴሾ፣ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ፋጉሎ፣ የፈላ ወተትና ለሕፃኑ የቀረ አሬራ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። የጤና ባለሙያው የእንስሳት ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም። ነገር ግን የተጎዳ ሕፃን ሲያይ በቤቱ ያለችውን ላም አስታውሶ ቢጠይቅ፣ ለሕፃኑ የሚሆነው ምግብ ከደጁ የማይርቅ መሆኑን ሊያገኝ ይችላል።